ምት የሚያውቅ

«ልጅዎ፣ እርስዎ ቤት ውስጥ አዘውትረው እንደሚመቱ ነግራኛለች። ይህን በመስማቴ እጅግ ደስ ብሎኛል።»

ወንድሜ ደብዳቤውን ያነበበልን ቆሞ ነው፤ በአንድ እጁ የሻይ ብርጭቆውን ይዞ፣ ድምፁን እንደ ዜና አንባቢ አጎርንኖ። ደብዳቤው ከሚጡ የሙዚቃ መምህር የመጣ ነው። ልጅቷ ትናንት ደብተሯ ውስጥ አጥፋ አምጥታው፣ ዛሬ ቅዳሜ ቁርስ ላይ እጁ ገባ። «ሙዚቀኛ አባት ያለው ልጅ ዕድለኛ ነው» ብሎ ቀጠለ። «ከሥራ ሲመለሱ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት እንኳ አብረዋት ቢመቱ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ትልቅ ለውጥ ያዩባታል።» እዚህ ሲደርስ አቆመና ሦስታችንን በየተራ አየን። ሚስቱ ግራ እጇን ጠረጴዛ ሥር አድርጋለች። ልጁ ሚጡ፣ ገና ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ የነከሰችውን ዳቦ አላኘከችም። እኔ ሻዬን እያማሰልኩ ነበር፤ ማንኪያው ብርጭቆው ውስጥ ቀጥ አለ። ከዚያ ወንድሜ ሳቀ። እንባው እስኪወርድ፣ ብርጭቆውን እስኪያስቀምጥ ድረስ ሳቀ።

«ጉድ እኮ ነው! ሙዚቀኛ አደረገችኝ!» አለ ወደ እኔ ዞሮ። «እኔ ከመኪና ጥሩምባ በቀር ምን ነክቼ አውቃለሁ?»

አልሳቅኩም ብል ውሸት ነው፤ ሳቅኩ። እሱ ሲስቅ መሳቅ ከለመድኩ ቆይቻለሁ። ልጅቷ ለመምህሯ ምን እንዳለቻት ግን ገብቶኛል። ከበሮ ይመታል፣ ፒያኖ ይመታል፣ ሰውም ይመታል። ቋንቋችን ለሁሉም የሰጠው ያንኑ አንድ ቃል ነው። መምህሯ የሙዚቃ ሰው ናትና ሙዚቃውን ሰማች። ወንድሜ ደግሞ ራሱን የሚያውቀው በጥሩ አባትነቱ ስለሆነ፣ ልጁ ጓደኞቿ ፊት ልትኮራበት ብላ የዋሸች መሰለው። ሁለቱንም እንደተሳሳቱ ያቆይልኝ ብዬ ጸለይኩ። ጸሎቴ ግን ደብዳቤው መጨረሻ ላይ ተሰናከለ። መምህሯ ሰኞ ጠዋት መጥተው ቢያነጋግሩኝ ትላለች፤ ስልኳንም ጽፋለች። ሰኞ ከተገናኙ ነገሩ ከሁለት ጥያቄ አያልፍም፣ ይገለጣል። ከዚያ በኋላ ልጅቷ ምን እንደሚደርስባት ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ትናንት ከሥራ ሲገባ ራት አልደረሰም ብሎ የሚስቱን ጣቶች የቁም ሳጥኑ መሳቢያ ውስጥ ይዞ መሳቢያውን በጉልበቱ ዘግቶታል። ሁለት ጣት። ጠዋት የዩኒፎርም ጨርቅ ቀድጄ ያሰርኩላት እኔ ነኝ። «ወድቄ ነው» አለችኝ። ለእኔ! በአንድ ግቢ እየኖርን ለእኔም ወድቄ ነው ትለኛለች፤ እኔም እሺ እላታለሁ።

ሰፈሩ ኢንጂነር ይለዋል፤ እንደ እውነቱ ከሆነ የግንባታ ፎርማን ነው። ሰባ ሰው የሚሠራበትን ሕንፃ ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው በጩኸት ያቆማል። ቤቱ የወላጆቻችን ነበር፤ ወረቀቱ ግን በእሱ ስም ዞሯል። እኔ ከኋላ ባለችው ክፍል የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ እኖራለሁ። ክፍሏ አራት እርምጃ በሦስት ናት። አንድ አልጋ፣ አንድ መስፊያ፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠሉ እጅጌ የሌላቸው ሸሚዞች፣ መስኮቱ ላይ የተደረደሩ የቁልፍ ጣሳዎች፤ ነጩ ለብቻ፣ ሰማያዊው ለብቻ። ኪራይ አይጠይቀኝም። በሰው ፊት ግን «እህቴን የያዝኳት እኔ ነኝ» ይላል፣ እኔም አንገቴን ደፍቼ እስማማለሁ። «መምህሯ ግዙላት ያለችውን ኪቦርድ ዛሬውኑ እንገዛላታለን፤ አንቺም ነይ፣ የሴት ዓይን ጥሩ ነው» ሲለኝ ጃኬቴን ልለብስ ወደ ክፍሌ ገባሁ። ሚጡ ከኋላዬ ተከትላ ገብታ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

«ምን ብለሽ ነው የነገርሻት?» አልኳት ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ቤታችሁ የሚመታ ሰው ያላችሁ እጅ አውጡ አለችን። እኔ ብቻ ነኝ ያወጣሁት። አባቴ ይመታል አልኳት። ሁልጊዜ? አለችኝ። ከሥራ ሲመጣ አልኳት። ከዚያ አጨብጭቡላት አለች።»

«አጨበጨቡልሽ?»

«ክፍሉ በሙሉ» አለችኝ። ቀጠለችና፣ «እኔ እኮ ትመጣለች ብዬ ነበር፤ ቤት ድረስ» አለች። ይህች ልጅ በምታውቀው ቃል፣ በምታውቀው ሰው ፊት፣ እጇን አውጥታ ተናግራለች፤ እኛ ትልልቆቹ ያላደረግነውን። የተሰጣት መልስ ጭብጨባ ነው። «አክስቴ፣ ለአባቴ ትነግሪብኛለሽ?» ስትለኝ፣ የጃኬቴን ቁልፍ ስቆልፍ አንዱን ዘልዬ ነበርና መልሼ ፈታሁት። አልነግርብሽም አልኳት። ሐሳቤ አጭር ነበር፤ ደብዳቤውን ከእጁ ማውጣት፣ ስልክ ቁጥሩን መገልበጥ፣ ከሰኞ በፊት መምህሯን ማግኘት። እንድትዋሽልኝ ልለምናት፣ ወይም ጨርሶ እንዳታነጋግረው። ሰው እንዳይመታ ለማድረግ ሳይሆን ነገሩ እንዳይታወቅበት ለማድረግ ነው የተሯሯጥኩት፤ ያን ሰዓት ልዩነቱ አልታየኝም።

መኪና ውስጥ ገና እንደገባን ሞከርኩት። «እስቲ ስጠኝ፣ መምህሯ ምን ዓይነት ግዙ እንዳለች ልየው» አልኩ። ኪሱን ከሸሚዙ ላይ መታ መታ አደረገና «እኔ ማንበብ እችላለሁ» አለኝ። ከዚያ በቃሉ ወጣልኝ፤ ከስልሳ አንድ ቁልፍ ያላነሰ፣ ምት የሚያውቅ፣ ፔዳል የሚሰካበት። መንገዱን በሙሉ እያፏጨ ነዳ። ደስ ሲለው እንዲህ ነው፤ መስኮቱን ይከፍታል፣ የማያውቀውን ሰው ሰላም ይላል፣ እግረኛ ያሳልፋል። ላየው ሰው የዓለም ደግ ነው። ሚጡ ከኋላ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ለፈተና እንደቀረበ ተማሪ ተቀምጣለች። የዕቃ መደብሮቹ ሕንፃ ጋ ስንደርስ ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰው የመኪና ማቆሚያ ሠራተኛ፣ ፀጉሩ የሸበተ ሰውዬ፣ መጥቶ ጎንበስ አለ። «አለቃ፣ እዚህ የዕቃ መጫኛ ነው፤ ትንሽ ወደፊት ቢያደርጉልኝ» አለ፣ በትህትና። ወንድሜ ማፏጨቱን ሳያቆም ወረደ። ሰውዬውን በሰደርያው አንገት ጨምድዶ ወደ መኪናው ጎተተውና ግንባሩን ከጣሪያው ጠርዝ ጋር አላተመው። አንዴ። ድምፁ እንደ በር መዝጋት ነው የተሰማው። ከዚያ የሰውዬውን ሰደርያ በመዳፉ አስተካከለለትና «አየህ፣ እዚሁ ይቆማል» አለው። ሰውዬው ግንባሩን ይዞ፣ ደሙ በቅንድቡ እየወረደ፣ «ችግር የለም አለቃ» አለ። ሚጡ ወርዳ እጄን ያዘች። እኔ አስፋልቱን እያየሁ አለፍኩ።

የሙዚቃ መሣሪያ መደብሩ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጠባብና ረጅም ነው፤ ግራና ቀኙ ላይ ኪቦርዶች በብረት እግሮቻቸው ቆመዋል፣ ዋጋቸው በካርቶን ቁራጭ ላይ በወፍራም ቀለም ተጽፎ ተለጥፏል። ጥግ ላይ አንድ ጎረምሳ ጊታር ይሞክራል። ሻጩ ፀጉሩን ወደኋላ ያሰረ ቀጭን ሰው ነው፤ ሲናገር ጣቶቹ አየር ላይ ይሠራሉ። ወንድሜ እንደገባ ዓይኑ ያረፈው መብራት በሚበራበት ላይ ነው፤ ቁልፎቹ ቀይና አረንጓዴ ይላሉ፣ ሦስት መቶ ዓይነት ሪትም አለው፣ ዋጋው ዘጠኝ ሺህ። «ይሄ ነው ዕቃ ማለት!» አለ። ሻጩ ጨዋ ነው፤ ገዢ ላለማሳፈር ፈገግ ብሎ ወደ ቀጣዩ ወሰደን። ይሄኛው ስልሳ አንድ ቁልፍ ነው አለን፣ ሃያ ሁለት ሺህ። ያኛው ሰማንያ ስምንት፣ እንደ ትልቁ ፒያኖ ቁልፉ ክብደት አለው፣ ሃምሳ ስምንት ሺህ። እኔ ቁልፍ ሲባል የማውቀው ባለ አራት ቀዳዳውን ነው፤ ስልሳ አንዱን በአንድ ጠዋት ተክዬ እነሣለሁ። ሌላ ቀን ቢሆን እቀልድበት ነበር።

«ጋሼ፣ እርስዎም ይመታሉ?» አለ ሻጩ፣ ነገር ለማዋዛት።

«እመታለሁ ተብሎ ተጽፎብኛል!» አለ ወንድሜ፣ ኪሱን እየነካ። እንደገና ሳቀ። ሻጩም ሳቀ። እኔ ካርቶኑ ላይ ያለውን ዋጋ እንደማነብ ሆኜ ጎንበስ አልኩ፤ ፊቴ እሳት ሆኖ ነበር።

«እንግዲያው ለእርስዎ አይጠፋዎትም» አለ ሻጩ። «ያ መብራት ያለው መጫወቻ ነው። ቢያባብሉትም ቢደበድቡትም ድምፁ አንድ ነው። ይሄ ስልሳ አንዱ ግን፣ እንደ ሰማንያ ስምንቱ ሁሉ፣ ምት ያውቃል። ቀስ አድርገው ሲነኩት ያንሾካሽካል፣ ጠንከር አድርገው ሲመቱት ይጮኻል። ልጅ በዚያኛው ከጀመረች ጣቷ ይበላሻል፤ በኋላ ሁሉንም እኩል ትደበድባለች። መጀመሪያ መማር ያለባት ቀስ ብሎ መንካትን ነው።» ሚጡን በትከሻዋ ገፋ አድርጎ አቀረባት። እሷም አንድ ጣቷን ነጩ ቁልፍ ላይ አኖረችና ዝቅ አደረገችው፤ በጣም ቀስ ብላ ስለነበር ምንም አልጮኸም። «ጠበቅ አድርጊው፣ አይዞሽ» አላት ሻጩ፤ «አያመውም።» ጠበቅ አደረገችው። አንድ ቀጭን ድምፅ ወጣ። ፊቷ ላይ የመጣውን ነገር በስንት ጊዜዬ እንዳየሁት አላውቅም። ሌላ ነካች፣ ሌላ ነካች። ወንድሜ ትዕግሥቱ አለቀና ከላይ አልፏት በጡጫው ነረተው። መደብሩ ተናጋ፣ ጊታር የያዘው ጎረምሳ ብድግ አለ። «እውነትም ያውቃል!» አለ ወንድሜ ረክቶ። «ይሄን ጠቅልልልኝ።»

እዚህ ላይ አበቃ ብዬ ተንፍሻለሁ። መግዛታችን አልቋል፣ ደብዳቤው ከኪሱ አልወጣም፣ ከሰዓት በኋላ ሸሚዙን ሲቀይር ወስጄ ስልኩን እገለብጣለሁ። ሻጩ ካርቶን አምጥቶ ሲያሽግ፣ አንድ ጥቁር የጆሮ ማዳመጫ ከመደርደሪያው አውርዶ ጨመረበት። ለአባት ማረፊያ ነው አለ፤ ይሄን ሰክታ የፈለገችውን ያህል ብትመታ ቤቱ ውስጥ ዝንብ አይሰማም። ወንድሜ በጣም ወደደው። ከሥራ ደክሞት ሲገባ ጫጫታ የሚባል ነገር አይፈልግም። ዋጋውን ሳይጠይቅ «ጨምረው» አለ። ሚጡ ከማንም ቀድማ እጇን ካርቶኑ ላይ አደረገች።

«ማዳመጫ አልፈልግም።»

«ለምን፣ የኔ ቆንጆ?» አለ ሻጩ። «ልጅ ሁሉ እሱን ነው የሚወደው።»

«እሱን ካደረግኩ ሲመጣ አልሰማም።»

«ማን ሲመጣ?»

ሻጩ ክፋት የለውም፤ የጠየቀው እንዲያው የወሬ ያህል ነው። ሚጡ ግን ያለችው ነገር ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የታወቃት። ከንፈሯን ነከሰች፤ ዓይኗ ግን ሳታዘው ወደ አባቷ ሄደ፣ ሻጩም ተከትሎ አየው። ወንድሜ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ቆሞ ነበር። ከዚያ ሁለት ጣቱን የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተና ደብዳቤውን አወጣው። ዘርግቶ አነበበው። በዚህኛው ጊዜ ድምፅ አልነበረውም፣ ከንፈሩ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር። አንድ መስመር ላይ ደርሶ ተመለሰ፣ እንደገና ደረሰ፣ እንደገና ተመለሰ። የደረት ኪሱ ላይ የተንጠለጠለው እስክሪብቶ ከትንፋሹ ጋር ከፍ ዝቅ ሲል አያለሁ። ደብዳቤውን በጥንቃቄ አራት ቦታ አጥፎ መለሰው።

«ምን ብለሽ ነው የነገርሻት?» አላት። ጠዋት እኔ የጠየቅኳት ጥያቄ ነው፣ ቃል በቃል። የሚጡ ነጭ ካልሲ ቀለም ከላይ ወደታች ሲለወጥ አየሁት፤ ሸንታለች።

«እኔ ነኝ የነገርኳት!» አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። «ለመምህሯ እኔ ነኝ የነገርኳት። ልጅቷ ምንም አላለችም።»

ሳይዞር ነው የመታኝ፤ በእጁ ጀርባ፣ ጆሮዬና ጉንጬ ላይ። ሰማንያ ስምንቱ ቁልፍ ላይ በፊቴ ወደቅኩ። ዕቃው ምት ያውቃል ተብሎ የለ፤ ያለ የሌለ ድምፁን አወጣው፣ እኔም ከእሱ ጋር ጮኽኩ። ጥርሴ ምላሴን በልቶት ነጩ ቁልፍ ላይ ደም ተንጠባጠበ። ሻጩ «ጋሼ! ጋሼ!» እያለ ሲጠጋ በክርኑ ደረቱን ብሎ መደርደሪያው ላይ ጣለው። ማዳመጫዎቹ እንደ ዝናብ ወረዱ። ቀና ስል ወንድሜ ሚጡን በሹሩባዋ ይዟታል። ሁለት ዙር በእጁ ጠቅልሎታል፣ ልጅቷ በጣቷ ጫፍ ነው የቆመችው። «እኔ እመታለሁ? እኔ?» ይላታል፤ በእያንዳንዱ ቃል ጭንቅላቷን ከግድግዳው ጋር ያጋጫል። አትጮኽም ነበር። ሰው ሊረሳው የማይችለው ይሄንን ነው፤ ልጅ ስትመታ መጮኽ ነበረባት፣ እሷ ግን ዓይኗን ጨፍና ይቆጠርልኝ የምትል ትመስላለች። ስንተኛው ላይ እንደሚያበቃ ከልምድ ታውቀዋለች።

አጠገቤ ባዶ የኪቦርድ እግር ነበር፤ ተጣጥፎ የቆመ ብረት። ከባድ ነው። በሁለት እጄ አነሣሁትና ትከሻው ላይ አወረድኩት። አንድ ነገር ሲሰበር ተሰማኝ፤ ብረቱ አልነበረም። ሹሩባዋን ለቀቃት። ዞሮ ሲያየኝ ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ የሚገርም ነገር ነው፣ ግራ መጋባት ነበር፣ ልክ መስፊያዬ ተነሥታ እንደመታችው። ደገምኩት። ይሄኛው ክንዱን አገኘው፣ ተንበረከከ። ሦስተኛውን ስሰነዝር ጊታር ይሞክር የነበረው ጎረምሳ ከኋላ ወገቤን ያዘኝ። ይዞኝም ባይሆን አላቆምም ነበር። ይሄን የምለው ልኮራበት አይደለም፤ ጣፍጦኛል። የስምንት ዓመት ነገር ከክንዴ ሲወጣ ጣፍጦኛል፣ እስከ ዛሬም አፍርበታለሁ፣ እስከ ዛሬም አልጸጸትበትም።

ፖሊስ ጣቢያው ከሕንፃው ጀርባ ነው፤ ሁለት ጥበቃና አንድ ፖሊስ ይዘውን ሄዱ። መርማሪው መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ፣ ወደ ጡረታ የተጠጋ ሰው ነው። ክፍሉ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ ያልተለጠፉ ማስታወቂያዎች ክምር አለ። ወንድሜን ሐኪም ቤት ሂድ ቢሉት አሻፈረኝ አለ፤ ክንዱን በቀበቶው አንጠልጥሎ፣ ላብ እያጠመቀው ተቀመጠ። ሚስቱን በስልክ ጠርተዋት መጣች፤ ጥግ ላይ ሚጡን አቅፋ፣ ማንንም ሳታይ ተቀመጠች። ሻጩ ያየውን ተናግሮ ደረቱን እያሻሸ ሄደ። መርማሪው ሁሉንም ሰምቶ ሲያበቃ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። የቤተሰብ ጠብ ይጠላል፤ ፊቱ ላይ ይነበባል። ጽፎ ሳይጨርስ ባለጉዳዮቹ ታርቀው ይመጡበታል።

«የኔ አባት» አለው ወንድሜ፣ በዚያ ደግ ድምፁ። «እኔ ይቅር ብያታለሁ። እህቴ ናት፣ የአንድ እናት ልጅ። ትንሽ አእምሮዋን ያስጨንቃታል፤ ብቻዋን መኖሯ ነው። ለመደብሩም የተበላሸውን እኔ እችላለሁ። ክስ ምናምን አልፈልግም። ቤታችን እንግባ።»

መርማሪው ቀለል አለው። «እንዲህ ነው ወንድም ማለት» ብሎ ወደ እኔ ዞረ። «ሰማሽ? አጥንት ሰብረሽ እኮ ነው። በሕጉ ቢኬድ እስር ነው። በይ እግሩ ላይ ውደቂና ሂጂ።» ያቺን አንድ ገጽ የጻፈባትን ወረቀት ሊቀድ በሁለት እጁ ያዛት። ወንድሜ በደህና እጁ ጉልበቱን ተደግፎ ተነሣ። «ነይ ሚጡ፣ መኪና ውስጥ ግቢ» አላት። ልጅቷም ተነሣች። እናቷ ተነሣች። ሁለቱም ሳይታዘዙ የቀሩበት ቀን ስለሌለ በቀጥታ ወደ በሩ ሄዱ፣ የሚጡ ጫማ እርጥብ ስለነበር በያንዳንዱ እርምጃ ይንጫጫል። ያ በር ከኋላቸው ከተዘጋ ዛሬ ምን እንደሚሆን፣ ማን እንደሚወድቅ አውቃለሁ። እኔም ነፃ ሆኜ ወደ ክፍሌ እመለሳለሁ።

«አይቀደድም» አልኩ፤ መዳፌን ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩ። «ክሱ አለ።»

«ከሳሹ ትቶታል እኮ።»

«እኔ አልተውኩም። ሰው መትቼ ሰብሬያለሁ። ጻፈው፣ እሰረኝ።»

«እንዴ፣ ሴትዮ! ሰው ራሱን ይከሳል እንዴ?»

«ከከሰስኩ ለምን መታሽው ብለህ ትጠይቀኛለህ። ከጠየቅከኝ እነግርሃለሁ። ከነገርኩህ ትጽፈዋለህ። ሌላ መንገድ ካለ አሳየኝና እሄዳለሁ» አልኩት። ምላሴ አብጦ ቃሉ በደንብ አይወጣም። ወንድሜ በጆሮዬ አጠገብ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማው አድርጎ፣ «ዛሬ የት እንደምታድሪ አስበሽበታል?» አለኝ። አላሰብኩበትም ነበር። እንደዚህ ያለ ጥሩ ጥያቄ ነው ስምንት ዓመት አፌን ይዞት የኖረው። መርማሪው እኔንም እሱንም አየን። ከዚያ መነጽሩን ከግንባሩ ወደ ዓይኑ አወረደና በሩ ላይ ላለው ፖሊስ፣ ልጅቱና እናትየው ይቀመጡ፣ ሰውየው ውጭ ይጠብቅ አለው። ወንድሜ መጮኽ ጀመረ፤ ማን መሰልኩህ፣ ልጄ ናት፣ የእኔ ቤት፣ የእኔ… ፖሊሱ ደህናውን ክንዱን ይዞ አወጣው። ጩኸቱ ኮሪደሩን ይዞ እየራቀ ሄደ።

መርማሪው አዲስ ወረቀት ሳበ። «እሺ፣ ለምን መታሽው?» አለኝ። ነገርኩት። ሹሩባውን፣ ግድግዳውን፣ መሳቢያውን፣ የመኪና ማቆሚያውን ሰውዬ ግንባር ሳይቀር ነገርኩት። እጁ ይፈጥናል፤ ሳያቋርጠኝ ይጽፋል። መቼ ነው የጀመረው ሲለኝ፣ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ሚጡ ገና መራመድ አልጀመረችም ነበር አልኩት። አየሽ ወይስ ሰማሽ አለኝ። መጀመሪያ ሰማሁ አልኩት። ግድግዳው ቀጭን ነው፣ ሁሉ ነገር ይሰማል።

«ሰምተሽ ምን አደረግሽ?»

ይሄን ይጠይቀኛል ብዬ አላሰብኩም። ጥግ ላይ የወንድሜ ሚስት ልብሷ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ፤ ቀና ብላ ነበር።

«መስፊያዬን ረገጥኩ» አልኩት።

«ምን ማለት ነው?»

«የሚስቱ ጩኸት እንዳይሰማኝ። የሚሰፋ ነገር አልነበረኝም፤ ያለ ጨርቅ፣ ያለ ክር ባዶውን ረገጥኩት። እስኪያበቃ ድረስ።»

«ያን ቀን?»

«ሁልጊዜ።»

እስክሪብቶው ቆመ። ወደ ጥጉ ላለማየት አንገቴን አደንድኜ ጠረጴዛውን አየሁ፤ የወንድሜ ሚስት ድምፅ ግን መጣ፣ ቀስ ብሎ፣ ያለ ቁጣ።

«እኔ እኮ ስፌት የበዛብሽ ይመስለኝ ነበር» አለችኝ።

መርማሪው ከእሷ ወደ እኔ አየ። «ይሄም ይጻፍ?» አለኝ።

«መጀመሪያ እሱን ጻፍ» አልኩት።